ቅድመ ክፍያው የት ወረደ?

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ ሲወርዱ ጆሮ ይደፈናል፤ አፍ ግን አይደፈንም። ባለፈው ሳምንት ከኋላ ወንበር ሆኜ የሰማሁትን ላካፍላችሁ። እሱ ደሴ ላይ ሕንፃ የያዘ ተቋራጭ ነው፤ እሷ ኮምቦልቻ ውስጥ ሲሚንቶና ፌሮ ትሸጣለች። በመካከላቸው ዕዳ እንዳለ ለማወቅ አንድ ኪሎ ሜትር በቂ ነበር።

«እህቴ፣ አብሽሪ። የክፍያ ሰርተፍኬቱ አማካሪው ጋ ነው፤ ከፈረመልኝ ገንዘብሽ እጅሽ ይገባል።»

«አማካሪው የሚፈርመው የተሠራ ሲያይ ነው ወንድሜ። አንተ ጋ ያየው የቆርቆሮ አጥሩን ብቻ ነው።»

«ወላሂ ሥራ ላይ ነን።»

«ሠላሳ በመቶ ቅድመ ክፍያ ወስደህ አልነበር?»

«ወስጃለሁ።»

«የት ገባ?»

«ሥራ ላይ ዋለ።»

«የዚህኛው ሥራ ላይ፣ ወይስ ያለፈው?»

ሚኒባሱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ሳቁ ትንሽ ቆረቆረኝ፤ ይህ የአንድ ሰው አመል ቢሆን ምን ነበረበት! የአዲሱ ፕሮጀክት ቅድመ ክፍያ የአሮጌውን የሲሚንቶና የደመወዝ ዕዳ ይደፍናል፤ አዲሱ ደግሞ ቀጣዩን ጨረታ ይጠብቃል። ቅድመ ክፍያ ከየሰርተፍኬቱ እየተቆረጠ የሚመለስ ብድር መሆኑ ትዝ የሚለን ሲቆረጥብን ነው። ያኔ ተዘረፍን እንላለን።

«የጣለን ዋጋው ነው» አለ ተቋራጩ። «ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይመራ ሲባል ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ፌሮ የት እንደደረሰ አንቺ ታውቂያለሽ።»

«አሳምሬ! ዱቤውን የሰጠሁህ ግን ከዚያ በፊት ነው። ያኔ ዶላሩ ተኝቶ ነበር፤ አንተም አብረኸው።»

«ደሴ ላይ መሥራት ቀላል መሰለሽ? ከተማው ዳገት ነው። ሕንፃው ሳይጀመር ድጋፍ ግንቡ ገንዘቡን ይበላዋል።»

«የጦሳ ተራራ ትናንት ነው እንዴ የበቀለው? የጨረታውን ዋጋ ስትሞላ ቀና ብትል እኮ ታየው ነበር።»

«እናንተስ ቦርከና ወንዝ ዳር መረሬ አፈር ላይ ቤት ሠርታችሁ፣ ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲሰነጠቅ ትኖራላችሁ!»

«የእኛስ ይሰነጠቃል። ለመሰንጠቅ ግን መጀመሪያ አልቋል።»

ከተማዋ ከታች ስትገለጥ ተቋራጩ ነፍስ ዘራ። «አልቋል አልሽ? እስቲ ባቡራችሁ የት አለ?»

እዚህ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ዝም አለ። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ሐዲድ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ዋጋው 1.7 ቢሊዮን ዶላር። ውሉ ከቱርኩ ያፒ መርኬዚ ጋር በ2004 ተፈረመ፤ ግንባታው በ2007 ተጀመረ። ተራራው ተፈልፍሎ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ሐዲድ ተዘረጋ። ባቡሩ ግን የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ደግሞ በጊዜው አልደረሰም። እሱ ሲጠበቅ የ2014ቱ ጦርነት ደረሰና ንብረቱ ተዘረፈ።

«እሱስ እውነትህን ነው» አለች ሴትዮዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ምጣዱን በዶላር ገዝተው ማገዶውን ረሱት።»

«የኢንዱስትሪ ፓርኩስ?»

«ፓርኩማ በጊዜው አለቀ፤ ሐምሌ 2009 ተመርቋል። 90 ሚሊዮን ዶላር ነው ያሉት።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ታኅሣሥ 2014 ላይ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ገበያውን፣ አጎዋን፣ ዘጋችብን። ሼዱ ቆሞ ቀረ፤ ገዢው ሄደ።»

«አየሽ! የመንግሥትም እንደኔ ነው።»

«የመንግሥት እኔ ሱቅ ዱቤ አልወሰደም።»

መናኸሪያው ስንቃረብ ረዳቱ ሒሳብ ጠየቀ። ተቋራጩ ኪሱን በግራም በቀኝም ዳበሰ።

«እህቴ፣ የእኔንም አንድ ላይ ክፈይልኝ፤ ስንደርስ እንተሳሰባለን።»

«ደርሰናል» አለችው።

ከፈለችለት። ከዚያ ከቦርሳዋ የዱቤ ደብተሯን አውጥታ፣ ስሙ ያለበትን ገጽ ገለጠችና ከሲሚንቶው ሥር ጻፈችው።