ድንበሩ ይዘጋ!

«ድንበሩ ይዘጋ፤ ከጎረቤት የሚመጣ ደግ ነገር የለም፤ ለራሳችን እኛው እንበቃለን» ለምትሉ ወገኖቻችን ከመተማዋ ሸሕዲ ምስጋናችን ይድረሳችሁ። አብዛኞቻችሁ መተማን የምታውቋት በካርታ መሆኑ ሐሳባችሁን አጠራው እንጂ አላጎደፈውም። በግንቦት ሐሩር ላቡን እየጠረገ ስለ ድንበር የሚያስብ ሰው ገበያው፣ ደንበኛው፣ ማዶ ያለው አማቹ ትዝ እያለው ይወላውላል። አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ተቀምጦ ማኪያቶ ለያዘ ሰው ግን ነገሩ ግልጽ ነው።

እንግዲህ እንዝጋ። በሸሕዲ አልፎ ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ የሚሻገረውን የኤሌክትሪክ መስመር እንቁረጠው፤ መብራት ለጎረቤት መሸጥ ለክብራችን አይመጥንም። ሰሊጡንም ለቻይናና ለእስራኤል ማቅረባችን ይብቃ። ጾሙ ብዙ ነው፤ የመተማን፣ የቋራንና የአርማጭሆን ሰሊጥ ፍትፍት እያደረግን ለብቻችን እንጨርሰዋለን።

በር በመዝጋት ስማቸው የሚነሣው ዐፄ ፋሲል ናቸው። የካቶሊክ ሚሲዮናውያንን አባረሩ፤ እሰየው። ከዚያ በኋላ ግን ወደ የመንና ወደ ሕንድ መልእክተኛ መስደዳቸው አርበኝነታቸውን ያጠራጥራል። የልጅ ልጃቸው ዐፄ ኢያሱማ ጭራሽ ባሰባቸው፤ ቢታመሙ በ1691 ዓ.ም. ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በሰናር በኩል፣ በዚሁ በእኛ ቆላ አስመጥተው ታከሙ። በሩ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ በኩራት ይሞቱ ነበር።

ዐፄ ዮሐንስ አራተኛን ደግሞ ተዉአቸው። የሱዳን መሐዲስቶች አዛዥ ሐምዳን አቡ አንጃ ጎንደርን ካቃጠለ በኋላ እንኳ፣ የጋራ ጠላታችን አውሮፓዊው ነውና እርስ በርስ አንተላለቅ የሚል ደብዳቤ ላኩለት። አቡ አንጃ የእናንተ ዓይነት ቆራጥ ሰው ነበርና እንቢ አለ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ መተማ ላይ ወደቁ። በዓመቱ ጣሊያን ኤርትራን ቅኝ ግዛቴ ናት ብላ አወጀች፤ በ1890 ዓ.ም. እንግሊዝ መሐዲስቶቹን ኦምዱርማን ላይ በመትረየስ ፈጀቻቸው።

ከዚያም እንግሊዝ ራሷ ድንበር ሠራችልን። በ1894 ዓ.ም. ከዐፄ ምኒልክ ጋር ተዋዋለች፤ በማግስቱ ዓመት ሻለቃ ግዊን ኢትዮጵያዊ ተወካይ በሌለበት ዞሮ ምልክት አደረገ። ዛሬ የካርቱም አርበኛ በአያቶቹ አጥንት ሲምል፣ የሚምለው በዚህ እንግሊዛዊ ምልክት ነው። የእኛው አርበኛ ምልክቱን አልቀበልም ይላል፤ ታዲያ የት ይሁን ሲባል ድምፁን ከፍ ያደርጋል። በ2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር በድንበሩ ላይ ያለውን የእርሻ መሬት አልፋሽጋን ሲይዝ እርሻውን ጥሎ የወጣው ግን ገበሬው ነው። ያ ሁሉ ባለ ድምፅ እዚያ አንድ ጥማድ መሬት አልነበረውም።

ሱዳኖቹም በመዝጋት አይታሙም፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ከመተማ ማዶ ያለውን የገላባትን በር ዘግተውልናል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም በጦርነት ስትጋይ ነዋሪዋ እየሸሸ የመጣው በዚያው በር ነው። በእኛ በኩል ኩመርና አውላላ ላይ ድንኳን ተተከለለት፤ መስተንግዶው እንዳይጎድል ነው መሰለኝ፣ ታጣቂ ዘራፊም አልቀረበትም። ከዚያ በፊት፣ በ2013 ዓ.ም.፣ ከትግራዩ ጦርነት የሸሸው ኢትዮጵያዊ ደግሞ ገዳሪፍ ክፍለ ሀገር ኡም ራኩባ ተጠልሎ ነበር። ሁለቱም ስደተኞች ድንበሩ ክፍት ሆኖ ስላገኙት ሉዓላዊነታችንን ደፍረዋል ማለት ነው።

ቁልፉን ይዛችሁ የምትመጡ ከሆነ መምጫችሁን መስከረም መጨረሻ አድርጉት። ሰሊጥ ሲደርስ ጊዜ አይሰጥም፤ በወቅቱ ካልታጨደ ይረግፋል፤ ከደጋ የሚወርደው የአጨዳ ሠራተኛ፣ ሳሉግም፣ በጸጥታው ችግር ምክንያት እንደ ድሮው አይመጣም። ማጭድ ከእኛ ነው።