ቆመው ለሞቱት ለጋሽ ሲኒማ የተነበበ የሕይወት ታሪክ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ የእድራችን አባላት፣ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ የፒያሳ ልጆች፤ አስቀድሜ ስለ ድንኳኑ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መንገድ ዳር የተከልነው ወደን አይደለም። የሟቹ ደጅ በቆርቆሮ ስለታጠረ ከዚህ በላይ መጠጋት አልተቻለም። አስከሬኑን መሰናበት የምትፈልጉ ቀና በሉ፤ ከቆርቆሮው በላይ ቀለማቸው ተልጦ፣ የፖስተር መስቀያቸው ባዶውን ቀርቶ የሚታዩት እሳቸው ናቸው።

አዎ፣ ቆመዋል። መከራችንም ይኸው ነው። ሞቱ እንዳንል ቆመዋል፤ አሉ እንዳንል ተቆልፈዋል። የእድሩ ገንዘብ ያዥ "የሞት ማስረጃ ካላየሁ ሳንቲም አላወጣም" ብሎ ሲሟገት አመሸ። አንዱ ይታደሳሉ ይላል፤ አንዱ ይፈርሳሉ ይላል፤ ሌላው የገበያ ማዕከል ይሆናሉ ብሎ ይምላል። ነገሩን ከሥሩ ያውቃል የተባለ ሰው ፈልገን ብንጠይቅ "ጥናት ላይ ናቸው" አለን። ያን ጊዜ ተስፋ ቆረጥን። ጥናት ላይ የገባ ሲመለስ አይተን አናውቅማ! እናም መርዶ ነጋሪ ሳንጠብቅ ራሳችንን በራሳችን አርድተን፣ ድንኳን ተክለን፣ ንፍሮ ቀቅለን ተቀመጥን።

የሕይወት ታሪካቸውን እንዳነብ የተመረጥኩት ከሁሉ አብልጬ ስለማውቃቸው አይደለም። ከእኔ በፊት የተመረጡት ማንበብ ሲጀምሩ እየሳቁ ስላስቸገሩ ነው።

ስማቸውን አልጠራም። ጋሽ ሲኒማ ካልኩ እዚህ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ብዙዎቻችሁን ደግሞ እናንተ እሳቸውን ከማወቃችሁ በፊት ቁንጫቸው አውቋችኋል። ይቅርታ። ስለ ቁንጫው እንዳላነሳ ቤተሰቡ አስጠንቅቆኝ ነበር። ወደ ዘር ሐረጋቸው ልመለስ።

ጋሽ ሲኒማ ከተረገመ ዘር ነው የመጡት። የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ሁሉ አያት የሆነው ቤት ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ነበር። የከተማው ነዋሪ ሰው የሚያህል ጥላ ግድግዳ ላይ ሲንቀሳቀስ ቢያይ ይህስ የጤና አይደለም ብሎ "ሰይጣን ቤት" አለው፤ ስሙም ተጣብቆበት ቀረ። አያቱ ሰይጣን ቤት የተባለ ሰው መቼም ሲሞት ካህን በቀላሉ አያገኝም። ከቤተሰቡ ዕድል የቀናው አንዱ ብቻ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን "ሲኒማ ማርኮኒ" ብሎ ጀምሮት ሳይጨርሰው የሄደው ልጅ፣ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ ተጠናቆ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ሆነ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር የምንለው እሱ ነው። እሱ ወደ ጥበብ ገባ፣ ከበሬታም አገኘ። ጋሽ ሲኒማ ግን እዚሁ ፒያሳ ከጣሊያን ሕንፃዎች፣ ከግሪክና ከአርመን ነጋዴዎች ጎረቤት ሆነው የህንድ ፊልም ሲያሳዩ አረጁ። አስመራ ስላሉት ዘመዳቸው ስለ ሲኒማ ኢምፔሮ ማንሳት አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1937 ተሠርተው ዛሬም ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ከተማቸውም እ.ኤ.አ. በ2017 ከዓለም ቅርስ መዝገብ ገብታለች። ለቅሶ ቤት ዘመድ ከዘመድ ማወዳደር ነውር ነው።

በወጉ እዚህ ላይ ሟቹ ደግ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ታታሪ ነበሩ ማለት ነበረብኝ። ይታለፍ፤ እንግዳ ተቀባይነታቸውን ግን ማለፍ አይቻልም። የጋሽ ሲኒማ ቁንጫ እንግዳ መርጦ አያውቅም። ታች የተቀመጠውን የሊስትሮ ልጅም፣ ሰገነት ላይ ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ የተቀመጠውን ሹምም በእኩል ዓይን ነበር የሚያየው። በዚህች አገር ስለ እኩልነት ብዙ ተብሏል፤ በሥራ ላይ ሲውል ያየሁት እሳቸው ቤት ነው። ከፋይ የለበሱት ወንበሮች ሞላቸው ወጥቶ ከበታች ይወጋሉ፤ ሞላውን ሸሽተህ ዘወር ስትል ቁንጫው በጎን ይቀበልሃል። እናቶቻችን ፎርፈን መዋላችንን ያወቁት ደብተር ገልጠው አልነበረም። ሱሪያችንን ሰብስበው እግራችንን አዩ፣ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1975 የተሠራው የህንድ ፊልም "ሾሌይ" ሦስት ሰዓት ከምናምን ነው፤ ለእኛ አንድ ፊልም፣ ለቁንጫው ቁርስ፣ ምሳና መክሰስ። ተዋናዩ አሚታብ በጓደኛው እቅፍ ውስጥ ሲሞት አዳራሹ በሙሉ እያለቀሰ እግሩን ያክ ነበር። በአንድ እጅ እንባ፣ በሌላው እግር። እንዲህ ዓይነት ልባዊ ሐዘን ከዚያ ወዲህ አላየሁም፤ ዛሬም ድንኳኑ ውስጥ ያላችሁ፣ እውነት ለመናገር፣ ያንን ያህል አላዘናችሁም።

ይቅርታ፣ አሁንም ወጣሁ።

ስለ ሙያቸው ደግሞ የሚያውቅ የሚመሰክረው አለ። ከኋላችን፣ ከራሳችን በላይ፣ ሁለት ትንንሽ መስኮቶች ነበሩ። ከመስኮቶቹ ጀርባ ሁለት ማሽን፣ በማሽኖቹ መሐል ደግሞ አንድ ኦፕሬተር። ፊልሙ ወርዱ 35 ሚሊ ሜትር ሆኖ በሴኮንድ 24 ምስል ያልፍለታል፤ 600 ሜትር ያህል የሆነው ትልቁ ጥቅል ከ20 ደቂቃ እምብዛም አይዘልም። ስለዚህ አንድ ፊልም ማለት ስድስት ሰባት ጥቅል ነው። አንዱ ሊያልቅ ሲል ከሸራው በስተቀኝ ከላይ ጥግ ላይ አንዲት ነጥብ ብልጭ ትላለች። ነጥቧ የታለመችው ለኦፕሬተሩ ነው፤ ሁለተኛውን ማሽን አስነሳ ማለት ናት። ሁለተኛዋ ነጥብ ስትመጣ አንዱን ዘግቶ ሌላውን ይከፍታል፤ ሥራውን የሚያውቅ ከሆነ ተመልካቹ ምንም አይታወቀውም። የፒያሳ ልጅ ግን ነጥቧን ያውቃታል። ኦፕሬተሩ ካሸለበ እኛ በፉጨት እንቀሰቅሰዋለን፤ ፊልሙ ከተበጠሰና ሸራው ነጭ ከሆነም ያው ፉጨት ነው። መብራት ቢበራ ደግሞ ወዮ፤ ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ ፒያሳ በሙሉ ያያል። ባትሪ ይዞ መቀመጫ የሚያሳየው ሰውዬ ከሁላችንም ይልቅ የከተማውን ፍቅር ያውቅ ነበር፤ ታሪክ ጸሐፊዎች እሱን ሳይጠይቁ በመቅረታቸው ብዙ ቀርቶባቸዋል።

በ1957 ዓ.ም. "ሂሩት አባቷ ማነው" ሲታይ ሸራው በአማርኛ ተናገረ። እስከዚያ ድረስ ሸራ ላይ የሚሳመውም፣ የሚታኮሰውም፣ የሚዘፍነውም ፈረንጅ ወይም ህንድ ነበርና ሰው የራሱን ቋንቋ እንደዚያ ገዝፎ ሲሰማ ደነገጠ። ከዚያ 1967 መጣና የከተማ ቤትና ቦታ ሲወረስ፣ ኩባንያና ንብረት የመንግሥት ሲሆን፣ ጋሽ ሲኒማም ከነወንበራቸው ተወረሱ፤ በግል የቀረው ቁንጫው ብቻ ነው። የሶቪየት ፊልም መጣ፤ ታንክ በረዶ ውስጥ ሲሄድ፣ ሲሄድ፣ አሁንም ሲሄድ። ሰዓት እላፊ የማታውን ትርኢት በላው። እንዲያም ሆኖ አልሞቱም። በ1990ዎቹ በቪዲዮ የተቀረጹ የአማርኛ ፊልሞች ሲመጡ ሰልፉ ሕንፃውን ዞረ፤ ሰው እሑድን ለቤተ ክርስቲያንና ለሲኒማ አካፈለ፤ ሱቅ በደረቴዎች ማስቲካና ኦቾሎኒ ሲያቀርቡ መግቢያው የገበያ ቀን ይመስል ነበር። ቁንጫውም ያኔ ወፈረ።

ታዲያ ማን ገደላቸው?

በየለቅሶ ቤቱ ዳኛ አይጠፋምና ብዙ ተጠርጣሪ ተጠርቷል። በመጀመሪያ ቪዲዮ ቤት ተከሰሰ። ከዚያ አማርኛ የለመዱት የቱርክ ድራማዎች፤ ሴትዮዋ ኢስታንቡል ተቀምጣ "ወይኔ ጉዴ" ስትል ማን ከቤቱ ይወጣል? ከዚያ ፍላሽ፤ ሰፈር ኮምፒውተር ቤት ገብቶ በጥቂት ብር አሥር ፊልም አስጭኖ የሚወጣ ጎረምሳ ትኬት ለመቁረጥ አይሰለፍም። እኔ እነዚህን ሁሉ በነፃ አሰናብቻለሁ። አቁስለው ይሆናል እንጂ አልገደሉም። ስልክ በየኪሱ ባለበት ዘመን እንኳ ወጣቱ ሲኒማ አልተወም፤ ፎቅ ላይ፣ ፈንዲሻ በሚሸትበት፣ ወንበሩ በሚለሰልስበት አዳራሽ ገብቶ ሲወጣ እናየዋለን። የቁንጫ ንክሻ የለበትም፤ ፊልሙን ምን ያህል እንደሚወደው ግን በምን ይታወቃል?

ሲኒማ ቤት የሚኖረው በእግረኛ ነው። ጋሽ ሲኒማ ሞልተው የሚያድሩት ሰው አስቦበት ስለሚመጣ አልነበረም። ከደጃች ውቤ፣ ከዶሮ ማነቂያ፣ ከሰራተኛ ሰፈር ማኪያቶ ሊጠጣ፣ ዓይን ዓይን ሊያይ የወጣ ሰው ፖስተር ያያል፣ ኪሱን ይዳስሳል፣ ይገባል። በ2016 ዓ.ም. ያ ሰፈር በአንድ ሰሞን ከሥሩ ተነሣ። አሮጌ ነበር፤ ያፈስ ነበር፤ ቁንጫ አያጣውም ነበር። እውነት ነው። ነዋሪው ግን ከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ገባ፤ ከዚያ ተነሥቶ ፊልም አይቶ ለመመለስ ሦስት ታክሲ መያዝ አለበት፤ ማታ ደግሞ ታክሲ የለም። መንገዱ ሰፋ፣ ሣር ተተከለ፣ መብራት በረቀቀ ሁኔታ በየዛፉ ተጠመጠመ። ያምራል። ፎቶ የሚነሣ ብዙ ነው፤ ፊልም የሚያይ የለም እንጂ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው አለ። ስሙን አላውቅም፤ ብዙ ሰውም ሊሆን ይችላል። ጋሽ ሲኒማ ቤት ትኬት ቆርጦ ገብቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው የቆሙበትን መሬት ካሬ ነው። መጥቶ ግድግዳቸው ላይ "ቅርስ" የሚል ታፔላ አስለጠፈ። እኛ ሞኞቹ እልል አልን። ለካስ ፍትሐት መሆኑ ነው! ከታፔላው በኋላ ጣሪያቸው ሲያፈስ የሚደፍነው ጠፋ፤ ማሽኑ ዕቃ ሲጎድለው የሚገዛው ጠፋ፤ "ለጊዜው ተዘግቷል" ተባለ። ለጊዜው! ቁንጫ ለመግደል መድኃኒት አለ፤ ማንኛውም ሱቅ ይሸጣል። ያ ሰው ግን አዳራሹን ቆልፎ ቁንጫውን በረሃብ ለመግደል ወሰነ፤ ወይም ውሳኔ ሳይሰጥ ዝም አለ። አፍራሽ ቢመጣ አንድ ቀን አልቅሰን እንተወው ነበር። ዝም ብሎ የሚገድል ግን የሚያዝበት እጅ የለውም። ቀን ቆጥሮ፣ ዝናብ ቆጥሮ፣ ጣሪያው በራሱ እስኪወርድ ጠብቆ "ያሳዝናል፣ ለሕዝብ አደጋ ሆኗልና ይነሣ" ሊል ነው። እኔ ይህን ሰው እርግማን አልረግመውም። ሾሌይን በሙሉ፣ ከፊተኛው ረድፍ፣ በአጭር ቁምጣ እንዲያይልኝ ብቻ እመኛለሁ።

ጋሼ። አንቱ ማለቱ አሁን ከብዶኛል፤ ለሙሾ አንተ ይቀላል። አንተ እኮ ነህ በአንድ ጨለማ ውስጥ ስምንት መቶ ሰው የሰበሰብከን። ከአጠገቤ ማን እንደተቀመጠ ሳላውቅ አብሬው ሳቅሁ፤ ሃይማኖቱን አልጠየቅሁት፣ ሰፈሩን አልጠየቅሁት፣ እሱም አልጠየቀኝም። አባቱ የታሰረበትም፣ ልጁ የጠፋበትም፣ ገና ፍቅር የያዘውም አንድ አቅጣጫ አይተን ተቀመጥን። ይህ ከተማ ለመብላትም ለመግዛትም ለመጸለይም ቦታ አለው። በትንሽ ገንዘብ ከማናውቀው ሰው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን የምናለቅስበት ቦታ ካንተ ሌላ የት ነበረን? አሁን የምናለቅሰው በየስልካችን ነው፤ ለየብቻችን፤ ጆሮ ውስጥ ሽቦ ከተን።

ቤተሰቡ ይበቃሃል እያለኝ ነው። ልጨርስ።

ጋሽ ሲኒማ ባደረባቸው ህመም በአገር ውስጥ ኮሚቴና በውጭ አገር አጥኚ ሲረዱ ቆይተው፣ ሞታቸው ሳይረጋገጥ፣ ቀብራቸው ሳይወሰን፣ በቆሙበት ተለይተውናል። ተዝካራቸውን ለማውጣት አርባውን ከየትኛው ቀን እንደምንቆጥር ስላልታወቀ የእድሩ ዳኛ ከተዘጉበት ዕለት ይቆጠር ብለዋል፤ በዚያ ስሌት ከሄድን ሰማንያውም ሙት ዓመቱም አልፏል፣ ዕዳ ላይ ነን። የሟቹን ወንበሮች፣ ሸራውንና ሁለቱን ማሽኖች በሚመለከት ወራሽ ነኝ የሚል እስካሁን አልቀረበም። ቁንጫዎቹን ግን ወራሽ ቢመጣም አንሰጥም፤ ፒያሳ ካሏት ነባር ነዋሪዎች የቀሩት እነሱ ብቻ ናቸው።

ንፍሮው ደርሷል። ከመነሣታችሁ በፊት አንድ ማስታወቂያ፦ የዋናው በር ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ ለማወቅ አልተቻለም። በለቀስተኛው መሐል አለ የሚል ጥርጣሬ አለን። ካገኛችሁት ንፍሮ አትከልክሉት፤ ለቅሶ የመጣ ሰው አይባረርም። ቁልፉን ግን ሳይሰጥ ከድንኳኑ እንዳይወጣ።