ከእሳቱ በላይ አትቁሙ

የሰደድ እሳት መከላከል ሥልጠና አዊ ውስጥ፣ ጥሊሊ ላይ ሊሰጥ ነው ሲባል ስሰማ ማንም ሳይጠራኝ ሄድኩ። የደን ባለሙያ አይደለሁም። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲነድ ወሬውን በሬዲዮ ስከታተል ከርሜ፣ ነገሩ ከሆዴ አልወጣ ብሎኝ ነበር። አስታው ነደደ፣ ጓሳው ነደደ። የአካባቢው ሰው ቅጠል እየቆረጠ ገደል ለገደል ሲታገል ሰነበተ፤ በኋላ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ደግሞ አሥር የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። እሰየው፣ ደረሱልን። ግን እነሱ እስኪደርሱ እሳቱ ፊት የቆመው ገበሬው ነው። እሱን ማን አሠልጥኖት ያውቃል? በ1992 ዓ.ም.ም እንዲሁ ነበር። ባሌና ቦረና ላይ ከመቶ ሺህ ሄክታር በላይ ሲቃጠል ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጀርመን፣ ከአሜሪካና ከካናዳ ባለሙያ መጣ፤ ቀድሞ የደረሰው ግን ያው ዶማና ቅጠል የያዘው ባላገር ነበር።

ወደ ጥሊሊ ልመለስ። ከእንጅባራ ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት የሚጓዝ ሰው ግራ ቀኙን የሚያየው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ነው። የአዊ ገበሬ ችግኙን ተክሎ አራት አምስት ዓመት ይጠብቃል፤ ከዚያ ይቆርጠዋል፣ እዚያው ማሳው ላይ አፈር አልብሶ ያከስለዋል፣ መሬቱንም አርሶ እህል ይዘራበታል። በተለይ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ላይ ዛፉ የስንቱን ቤት ቆርቆሮ እንዳለበሰ፣ የስንቱን ልጅ እንዳስተማረ አገሬው ያውቃል። ታዲያ በበጋ ከአንዱ ማሳ ላይ ከሰል ይጨሳል፤ ከጎኑ ያለው ማሳ ደግሞ ቅጠሉን አራግፎ መሬቱን ያለበሰ፣ ለመቆረጥ የደረሰ ዲከረንስ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የዝገት በሽታ ገብቶበት እንደቆመ የደረቀም አለ። ከማዶ የቤተ ክርስቲያን ጽድና ኮሶ፣ ወዲህ የየሰው ጓሮ ቀርከሃ። በየካቲት ጠራራ ይህን ሁሉ በሚኒባስ መስኮት እያየሁ ስሄድ ከሰው ወሬ ይልቅ ንፋሱን ሳዳምጥ ነበር።

ሥልጠናው ከጅምሩ እክል አላጣውም። በጀርባ የሚታዘሉትን የውኃ መርጫዎች፣ የራስ ቆብና ጓንቱን የጫነው መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቀረ። አዳራሽ ገብተን ትምህርቱ እንደተጀመረ መብራት ጠፋ። አሠልጣኙ ወጣት የደን ባለሙያ ነው፤ ጥቂት ጠበቀና «በሉ ውጡ፣ ውጭ እንማራለን» አለ። ግቢው ውስጥ አፈር ቆልሎ ኮረብታ ሠራ፤ ጭድ ጎዘጎዘበት፤ ከግርጌው ክብሪት ጫረ። ነበልባሉ ትንፋሽ ሳይወስድ አናቱ ላይ ወጣ። ደግሞ ሌላ ጭድ ጎዘጎዘና ከአናቱ ለኮሰው፤ ይኼኛው ቁልቁል እየተንፏቀቀ ወረደ።

«ዳገቱ በአሥር ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእሳቱ ፍጥነት እጥፍ ይሆናል» አለን። «እናንተ ዳገት ላይ ትደክማላችሁ፤ እሳት ዳገት ላይ ይበረታል። ስለዚህ ከእሳቱ በላይ አትቁሙ።»

መብራት ባይጠፋ ይህንን በሥዕል አይተን እንረሳው ነበር ብዬ አምናለሁ።

በአሜሪካ ደን ውስጥ እሳት ለማጥፋት የሚቀጠር ሰው 20 ኪሎ ተሸክሞ 4.8 ኪሎ ሜትር በ45 ደቂቃ መራመድ እንዳለበት አሠልጣኙ ሲነግረን ሠልጣኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። አብዛኞቹ ገበሬዎች፣ ሚሊሻዎችና የደን ጠባቂዎች ናቸው፤ ከዚያ የከበደ ጆንያ ከገበያ ተሸክመው ዳገት ይወጣሉ። የጎደላቸው ጉልበት አይደለም። ልቤን የያዘው ቀጥሎ ያለው ነው፦ የመጀመሪያው ዶማ ሳይነሳ አራት ነገር መሟላት አለበት። ሁሉን ከሚያይበት ቦታ የማይነቃነቅ ጠባቂ፣ ሁሉም የሚያውቀው የፉጨት ምልክት፣ አስቀድሞ የታየ ማምለጫ መንገድ፣ መጨረሻ ላይም እሳት የማይደርስበት መጠጊያ። ይህ ትምህርት በሰው ሕይወት የተገዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ሞንታና ውስጥ፣ ማን ገልች በሚባል ሸለቆ፣ እሳት ሊያጠፉ የገቡ ወጣቶችን ነበልባሉ ዳገት ላይ አሳዶ ደረሰባቸው። አለቃቸው ዶጅ ከፊቱ ያለውን ሣር ራሱ ለኮሰና አመዱ ላይ ተኛ፤ እንዲከተሉት ቢጣራም የተከተለው አልነበረም። እሱ ተረፈ፣ አሥራ ሦስት ሰዎች አለቁ።

ይህን ሲሰሙ አንድ አዛውንት ከኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ እኛስ እረኛ ሳለን ሣሩ ሲነድብን ከብቱን የምንነዳው ወደተቃጠለው ነው። ከጥቁሩ ግባ ይሉን ነበር አባቶቻችን» አሉ። አሠልጣኙ ብዕሩን አውጥቶ የተናገሩትን ጻፈ። በዚህ አከበርኩት።

የተግባሩ ትምህርት ቀን ነው ነገር የተበላሸው። ዲከረንሱ የተቆረጠለት፣ ጭራሮው የቀረበት አንድ ተዳፋት ማሳ ተመረጠ፤ ባለቤቱ ፈቀደ፤ ለጎረቤቶቹ ተነገረ። ከወንዙ ማዶ ላሉት ግን መልእክቱ አልደረሰም። ንፋስ ሳይነሳ በጠዋት መጀመር ሲገባ ወዲያ ወዲህ ሲባል ረፈደ። ሠልጣኞቹ በማጭድና በዶማ ሣሩን ገፈው፣ ሥሩን ነቅለው ቀይ አፈር እስኪወጣ ድረስ መስመር መቁረጥ ያዙ። መስመሩ ሳያልቅ፣ ጊዜ ለመቆጠብ ተብሎ ከታች እሳቱ ተለኮሰ። ነጭ ጭስ ተነሳ።

ከማዶ አንዲት ሴት እሪ አለች። «ኧረ የሰው ያለህ! እሳት!» ጩኸቱን ከኮረብታ ኮረብታ ተቀባበሉት። ብዙም አልቆየ፣ ሰው ጎረፈ። ወንዶቹ ቅጠል ይዘው፣ ሴቶቹ ጄሪካን አዝለው፣ ልጆች ባዶ እጃቸውን። ቡናውን ጥሎ የመጣ አለ፣ ጥማዱን ፈትቶ የመጣ አለ። እንባዬን ያመጣው ጭሱ ብቻ አልነበረም። ግን የመጡት ሁሉ ከላይ ነው፤ በአቋራጩ ወርደው ልክ እሳቱ አናት ላይ ተደረደሩ።

አሠልጣኙ ፊሽካውን ነፋ። ሠልጣኞቹ ምልክቱን ያውቃሉ፣ ወደ ጎን ወጡ። የመጣው ሕዝብ ግን ፊሽካው ምን እንደሚል ከየት ይወቅ? ንፋሱ ዞረና ነበልባሉ ያልተጨረሰውን መስመር ዘሎ ሽቅብ ወጣ። ወላፈኑ ፊቴን ገረፈኝ። አጠገቤ አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ረመጥ ላይ ቆሞ ነበር፤ የፕላስቲክ ኮንጎ ጫማው ከጫፉ ቀልጦ ጠጠርና አመድ ተጣብቆበታል፤ እሱ ግን በቅርንጫፉ መምታቱን አላቆመም። አንድ ሚሊሻ በብብቱ ታቅፎ አወጣው። እግሩን ብዙም አልጎዳውም፣ ተመስገን። አዛውንቱ «ከጥቁሩ! ከጥቁሩ ግቡ!» እያሉ በከዘራቸው አመዱን ሲያሳዩ ሰው ሰማቸው። የእሳቱ ጎንና ጎን ተያዘ፣ አፈር ተበተነበት፣ ጠፋ። ሲጠፋ ግን የጎረቤት ማሳ ጫፍ ላይ የነበረ የዲከረንስ ችግኝ ጠውልጎ ቀርቷል።

ዕርቁ እዚያው አመዱ ዳር ሆነ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ሠልጣኞቹ ክረምት ሲገባ ችግኙን ተክተው ሊተክሉ ቃል ገቡ፤ ባለማሳውም ተቀበለ።

እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምለው አንድ ነገር ነው። የእሳት ሥልጠና ስም ዝርዝር ላይ ለሰፈረ ጥቂት ሰው ብቻ መሰጠቱ ይብቃ። እሪ ሲባል የሚሮጠው መንደሩ በሙሉ ስለሆነ መሠልጠን ያለበትም እሱ ነው፤ በእድር፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በገበያ ቀን፣ ጥር ሳይገባ። መርጫውና የራስ ቆቡ ይምጣ፣ ግድ ነው፤ ነገር ግን የፊሽካውን ምልክት ማስተማር ገንዘብ አይጠይቅም። ልጅ ከእሳት ዳር እንዳይደርስ ማድረግ፣ ፕላስቲክ ጫማና ናይለን ልብስ አውልቆ ጥጥ መልበስ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሰው ከመበተኑ በፊት አሠልጣኙ እዚያው ሁሉንም ሰብስቦ ትምህርቱን ከአንድ ጀመረ፤ አሁን ሰሚው ብዙ ነበር። ለቀበሌው ጠባቂ ምረጡ ሲል ያቺ ከማዶ የጮኸችው ሴት እጇን አነሳች። ቤቷ ኮረብታው አናት ላይ ነው፣ ሸለቆውን በሙሉ ታያለች። አንድ ጎልማሳ «እሷ መሮጥ ትችላለች?» ብሎ ጠየቀ።

«ጠባቂ ካለበት አይነቃነቅም አላላችሁም?» አለች። «የምትሮጡት እናንተ ናችሁ። ፊሽካውን ስጡኝ።»