ከየት ጀምሮ? ስለ ታፔላ የተደረገ አጭር ጥናት

የመንገድ ዳር ታፔላ በሀገራችን ከሚጻፈው ሁሉ በራሱ እጅግ የሚተማመን ጽሑፍ ነው። ቁጥሩን ይናገራል፤ ከየት እንደቆጠረ ግን ትንፍሽ አይልም። ለዚህ ጥናት የተመረጠችው በሸካ ዞን የአንደራቻ ወረዳ ዋና ከተማ ጌጫ ናት። ምርጫው ሳይንሳዊ ነው፦ በማሻና በቴፒ መካከል ስለምትገኝ ከየትም ወገን ለሚመጣ መንገደኛ ረዳቱ «ገና ነን» የሚልባት ቦታ ነች።

የመጀመሪያው እንቆቅልሽ «ከአዲስ አበባ» የሚለው ነው። ጌጫ በጅማ፣ በቦንጋና በሚዛን አድርጎ በቴፒ በኩል ይገባል፤ በበደሌ፣ በመቱና በጎሬ አድርጎ በማሻ በኩልም ይገባል። ቁጥሩን የጻፈው ሰው በየትኛው እንደመጣ አልነገረንም፤ መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወስዶት ይሆናል። አዲስ አበባ ራሷስ ከየት ትጀምራለች? ፒያሳ ላይ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ መታሰቢያ በ«ዜሮ ዜሮ ኪሎ ሜትር» ስሙ ቢያጽናናንም፣ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ያለው መንገድ ሁለት ኪሎ ሜትር በማይሞላበት ከተማ ስም ማስረጃ አይሆንም።

«ከክልሉ ርዕሰ ከተማ» የሚለው ይብሳል። ጌጫ ለዓመታት ከሐዋሳ ስትለካ ኖረች። ኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት አንድ ስንዝር ሳትነቃነቅ ቀረበች። ክልሉ ግን መቀመጫውን ለቦንጋ፣ ለተርጫ፣ ለሚዛን አማንና ለቴፒ አካፈለ። ከዚያ ወዲህ ርቀቱ የሚታወቀው ባለጉዳዩ የያዘው ፋይል ተገልጦ ከታየ በኋላ ነው።

ካርታ እንመን የሚሉ አሉ። የቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራ ድርጅት ያሳተማቸው የ1፡50,000 ካርታዎች የጌጫን ቦታ የሚቆጥሩት አዲንዳን ከሚባል ነጥብ ተነሥተው ነው። አዲንዳን የሚገኘው ኑቢያ ውስጥ፣ በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ነው። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሲሠራ አካባቢውን የናስር ሐይቅ ዋጠው። የሸካ ዝናብ ደግሞ በባሮ ወርዶ ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል፤ በመንገዱ ያለው ረግረግ ካስተረፈው የተወሰነው እዚያው ሐይቅ ይደርሳል። ጌጫ እንግዲህ የመለኪያ ነጥቧን በገዛ ዝናቧ ስትሸፍን ኖራለች። ይህንን ሆን ብላ ታድርገው አታድርገው ጥናቱ አልደረሰበትም።

የቀረው «ጤና ጣቢያ 500 ሜትር» የሚለው ዓይነት ታፔላ ነው። እዚህ መነሻው የሚታወቅ ይመስላል፦ ታፔላው ራሱ። ግን መንገድ ሲሰፋ ታፔላ ይነቀላል፤ ለጊዜው ተብሎ አንዱ ሱቅ ጥግ ይደገፋል፤ ጊዜውም አያልቅም። ቀስቱ ወደ ባለሱቁ ጓሮ ይዞራል፣ 500ው ግን እንዳለ ነው። ከዚያ በኋላ መንገዱን የሚያሳየው ባለሱቁ ነው፦ «ቁልቁል ውረጂ እናቴ፣ ከዋርካው በግራ ታጠፊ።» ጠያቂዋ እናትም ይደርሳሉ።

ጥናቱ ባለሱቁ የአገሪቱ የመለኪያ ነጥብ ሆኖ እንዲመዘገብ ሐሳብ ያቀርባል። ከአዲንዳን የሚሻልበት ምክንያት አለው፦ ከውኃ በላይ ነው። ለምሳ የሚዘጋበት ሰዓት ታፔላ ላይ ይጻፍ።