የሰባቱ ማዕዘን ምጣዶች

ተረት ተረት። የመሠረት።

በቨርጂኒያ ምድር፣ አርሊንግተን ቡልቫርድ፣ ሊስበርግ ፓይክ፣ ዊልሰን ቡልቫርድና ስሊፒ ሆሎ ሮድ ተጠላልፈው መንገደኛውን በሚያደናግሩበት ስፍራ አንድ ሰፈር ነበረ። ስሙ ሴቨን ኮርነርስ ይባላል። ድሮ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1837፣ ሃካሊያ ቤይሊ የሚባል የሰርከስ ሰው ከዚያ ብዙም በማይርቅ ቦታ መሬት ገዛ። ሰውዬው ስሙ የተጠራው ሕዝብ ከፍሎ በሚያያት በአንዲት ዝሆን ነበር። ዝሆን ከግንባሯ እስከ ጭራዋ የተጨማደደች ናት፤ ይሁን እንጂ «ቆዳሽን አስወጥሪ» ያላት ሰው አልነበረም።

በ1956 በሰፈሩ ትልቅ የገበያ ማዕከል ተከፈተ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ደግሞ ምጣዶች መጡ። በጋቢ ተጠቅልለው፣ በበርበሬና በሽሮ ተደግፈው፣ ከቦሌ ተነሥተው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አረፉ። መንገድ ላይ ተሰንጥቀው ገል የሆኑ ነበሩ፤ በደህና የገቡት ሥራ ጀመሩ። በአገራቸው 220 ቮልት የለመዱ ነበሩ፤ እዚህ 120 ቮልት ተሰጣቸው። ቢሆንም ቀስ ብለው ጋሉ፤ ጋግረው ልጅ አሳደጉ፤ ጋግረው ቤት ገዙ፤ ጋግረው ለአገር ቤት ገንዘብ ላኩ።

በዚያ ዘመን የምጣድ ክብሯ ጥቁረቷ ነበር። አዲስ ምጣድ ቀይ ናት፤ ሊጥ ከያዘች አትለቅም። እሳት ሲነካት፣ ጎመን ዘር ስትቀባ፣ በማሰሻ ስትታሰስ፣ ብዙ እንጀራ ሲበላሽባትና ብዙ እንጀራ ሲሰምርላት፣ ያኔ ፊቷ ይጠቁራል፤ እንጀራውም ዓይን አውጥቶ ብድግ ይላል። ስለዚህ በማኅበር ቀን ከሁሉ የጠቆረችው ከላይ ትቀመጥ ነበር። «ዕድሜሽ ስንት ነው?» የሚል አልነበረም። «ስንት ቤት አበላሽ?» ይባል ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን አያ ሽቦ የሚባል ነጋዴ ወደ ሰፈሩ መጣ። ፀጉሩ የተንጨባረረ፣ ጥርሱ የሚያብረቀርቅ፣ ምላሱ ለስላሳ ነበር። ሱቅ ተከራየና በበሩ ላይ አንድ ትልቅ መስታወት ሰቀለ። መስታወቱን ማየት በነጻ ነበር።

እትዬ ሸክላ የምትባል ምጣድ በዚያ ስታልፍ አያ ሽቦ ከሱቁ ወጣ።

«እትዬ፣ እንደምን ዋሉ? ታመው ነበር እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ፊትዎ የደከመ መስሎኝ ነው። እስኪ ይዩት።»

እትዬ ሸክላ መስታወቱን አየች። ሃያ ዓመት ሙሉ እንጀራ ስትመለከት ኖራ ፊቷን ተመልክታ አታውቅም ነበር። ጥቁር ነው። ጠርዙ ላይ ቀጭን መስመር አለ። ገባችና ተፈገፈገች። አያ ሽቦ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ፈገፈጋት፤ የሃያ ዓመቱ ጥቁረት በውኃ ታጥቦ ቱቦ ገባ፤ እሷም ቀይ ሆና ወጣች።

ሰፈሩ ሁሉ አደነቀ። «ልጅ ሆነሻል! ከልጅሽ ጋር እህትማማች ትመስላላችሁ!» አሏት። ልጇ ምጣዲት ምንም አላለች።

ሐሙስ ዕለት እትዬ ሸክላ ተጣደች። ሊጡ ተሰጣ፤ ዓይን አወጣ፤ አክንባሎ ተደፋበት፤ ሲከፈት ግን አልነሣም አለ። በቢላ ተፋቀ። ቤተሰቡ የዚያን ቀን ፍርፍር በላ።

አያ ሽቦ ዘንድ ሄዳ ነገረችው። «ጤፉ ነው» አላት። «ደግሞም የዚህ አገር ውኃ ለሊጥ አይሆንም።» እሷም እውነት መስሏት ተመለሰች።

በወሩ የማኅበሩ እኩሌታ ተፈገፈገ። በሦስተኛው ወር ሁሉም ቤት ፍርፍር ይበላ ነበር። በስድስተኛው ወር በሰርግ ላይ እንጀራ የሚያቀርብ ኋላ ቀር ተባለ፤ ፍርፍር ዘመናዊ ሆነ።

አክንባሎዎቹን ግን ማንም ተፈገፈጉ አላላቸውም። ጋሽ አክንባሎ ጥላሸት የጠጣ፣ ጠርዙ የተቀደደ፣ ድሮ የተለቀለቀበት እበት የሚረግፍ አሮጌ ክዳን ነበር። «ግርማ ሞገስ አለው» ተባለና የዕድሩ ሊቀመንበር ሆኖ ተመረጠ። በመጀመሪያው ስብሰባ ቆሞ፣ ምጣዶች ራሳቸውን መጠበቅ እንዳለባቸው ረዥም ንግግር አደረገ። ሲናገር እበቱ ይረግፍ ነበር። ተጨበጨበለት።

ቀይ ሆነው የወጡት ምጣዶች ደግሞ ሌላ ጭንቀት ያዛቸው። ፊታቸው ሲጋል ይለዋወጣል፤ ሲቀዘቅዝም ይለዋወጣል፤ ሲለዋወጥ መስመር ያወጣል። አያ ሽቦ ለዚህም መላ ነበረው። ከተበላሸ ምግብ ውስጥ ከሚገኝ መርዝ የተቀመመ ጠብታ አመጣ። በጥንት ጊዜ ይህ መርዝ የተበላሸ ቋሊማ የበሉ ሰዎችን ይገድል ነበር፤ በ2002 ግን የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን በቅንድቦች መካከል የሚወጣውን መስመር እንዲያለሰልስ ፈቅዶታል። ጠብታው የነካው ፊት አይንቀሳቀስም። ከሦስት ከአራት ወር በኋላ ጉልበቱ ያልቃል፤ ያኔ እንደገና መክፈል ነው።

ምጣዶቹ ጠብታውን ወሰዱ። ከዚያ ወዲህ ምጣዷ ትጋል፣ ትብረድ የሚያውቅ ጠፋ፤ ጋጋሪዎች እጃቸው ተቃጠለ። አንድ ቀን በሰፈሩ ለቅሶ ሆነ። ምጣዶቹ በሰልፍ ተቀመጡ፤ የአንዳቸውም ፊት አልተነቃነቀም። የሟች ቤተሰብ ተቀየመ። ዕድሩ መክሮ፣ በሰዓት እየተከፈላት የምትንፈቀፈቅ አንዲት ድስት ቀጠረ። ድስቷም አሳምራ አለቀሰች፤ ቀጠሮዋ በየሳምንቱ ሞላ።

በዚያው ዓመት በአንድ ጋጋሪ ቤት ዐሥራ ስምንት ዓመት የሠራች ምጣድ «የፊት ለፊት መስኮቱ አዲስ መልክ ይፈልጋል» ተብላ ተሰናበተች። ዳኛ ፊት ቀረበች። ዳኛው መጽሐፉን ገልጦ፣ «በ1967 የወጣ ሕግ አለን፤ 40 ዓመት የሞላውን ሠራተኛ በዕድሜው ምክንያት ማባረር ክልክል ነው» አላት። ምጣዷ ደስ አላት። ዳኛው ቀና ብሎ አያት። «ለመሆኑ ዕድሜሽ ስንት ነው?» አላት። ምጣዷ ዙሪያዋን ተመለከተች። ጎረቤቶቿ ሁሉ ተቀምጠዋል፤ አያ ሽቦም ተቀምጧል። «ሃያ ዘጠኝ» አለች። ዳኛው መጽሐፉን ዘጋ።

ነገሩ እየከፋ ሄደ። አያ ሽቦ፣ «የሚያስረጃችሁ እኮ እሳት ነው» ብሎ መከረ። ምጣዶቹም ከእሳት ራቁ። ሊጡ በየቤቱ ሆመጠጠ፤ እርሾው ሻጋታ አወጣ፤ እንጀራ ከሌላ ከተማ በፕላስቲክ ታሽጎ ይገዛ ጀመር። ምጣዶቹ በየሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ፎቶ ይነሡ ነበር። ፎቶውንም በስልክ አጥርተው፣ አለስልሰው፣ አቅልተው ይለጥፉታል። አንዲት ምጣድ ከደለስ ስትመለስ የጥበቃ ሠራተኛው ፎቶዋን አይቶ፣ ፊቷን አይቶ፣ «ይህች ማን ናት?» አላት። እሷም ፎቶውን አየችና መልስ አጣች።

ከዚያ ተራው የልጆቹ ሆነ። ከሸክላ ሠሪ እጅ ከወጡ ሦስት ወር ያልሞላቸው፣ እሳት ያልነካቸው ትንንሽ ምጣዶች በአያ ሽቦ ደጅ ተሰለፉ። «ምን ልትፈገፈጉ?» ቢባሉ፣ «ሳይመጣ ለመከላከል» አሉ። አንድ ሽማግሌ ሙቀጫ በዚያ ሲያልፍ፣ «የምጣዱ እያለ የእንቅቡ ተንጣጣ» ብሎ ሄደ። ሙቀጫ ነውና ማንም አልሰማውም።

በመጨረሻ አያ ሽቦ በገበያ ማዕከሉ የመኪና ማቆሚያ ላይ ታላቅ የቁንጅና ውድድር አዘጋጀ። ጋሽ አክንባሎ የዳኞች ሰብሳቢ ሆነ። ቀያዮቹ ተራ በተራ አለፉ፤ በእያንዳንዷ ላይ አንድ ነገር ተገኘባት። አንዷ አንድ ጊዜ ተጥዳለች፤ አንዷ ጭስ ሸትቷታል። ከሁሉ መጨረሻ ወይዘሪት ጭቃ ቀረበች። ገና አልተተኮሰችም፤ እርጥብ ናት፤ የሠሪዋ ጣት አሻራ እንኳ አልደረቀባትም። «ከዚህች በላይ ልጅነት የለም!» አሉ ዳኞቹ፤ ዘውድ ጫኑላት።

ዘውዱ ተጭኖ ሳያልቅ ዝናብ መጣ። ወይዘሪት ጭቃ ከጠርዟ ጀመረች፤ ቀጥሎ መሐሏ፤ ከዚያ ከነዘውዷ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰች። ተከፋይዋ ድስት ተጠራች። አያ ሽቦም ቆቡን አውልቆ፣ «አንዲት መስመር ሳይወጣባት ሄደች» ብሎ ተናገረ። ምጣዶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩና፣ «ታድላ!» አሉ።

የእትዬ ሸክላ ልጅ ምጣዲት በዚያ ጊዜ በአያ ሽቦ ሱቅ ጠራጊ ነበረች። ጌታዋ ሁልጊዜ ማታ ማታ ኮሌታውን ከፍ አድርጎ ብቻውን ሲወጣ ታይ ነበር። የውድድሩ ዕለት ማታ ተከተለችው። በስሊፒ ሆሎ ሮድ ቁልቁል ሄደ፤ ከአንድ አሮጌ ቤት ኋላ ዞሮ የቤዝመንቱን በር አንኳኳ።

ምጣዲት በመስኮት አየች። ውስጥ እማማ ጥቁሬ ተጥደዋል። እማማ ጥቁሬ ከጎንደር፣ ከወለቃ የመጡ የጥንት ምጣድ ናቸው፤ ከማኅበሩ «መልክ ያበላሻሉ» ተብለው ከቀሩ ዓመታት አልፈዋል። አጠገባቸው ሁለት ጎረቤቶቻቸው ተቀምጠዋል። አንዱ ከኤደን ሴንተር የመጣ የቬትናሞች ጥቁር መጥበሻ ነው። ሌላዋ ከቅድመ አያት ለአያት፣ ከአያት ለልጅ ልጅ በውርስ የተላለፈች የቨርጂኒያ የብረት መጥበሻ ናት። ሁለቱም ሽቦ አይተው አያውቁም፤ ጥቁረታቸውን የሚነካ ሰው ከቤት ይባረራል። የብረቷ እንዲያውም ስታረጅ ዋጋዋ ጨምሯል።

እማማ ጥቁሬ ሊጡን ተቀበሉ፤ ዓይኑ ፈካ፤ እንጀራው ብድግ አለ። አያ ሽቦ ሁለት እንጀራ በላ፤ ሦስት ጠቅልሎ ያዘ፤ ሳይከራከር ከፈለ። ሲወጣ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

«እማማ፣ አደራ፤ ይህን ፊትዎን ማንም እንዳይነካብኝ።»

እሱ ሲሄድ ምጣዲት ገባች። «እማማ፣ ይህን እያወቁ ለምን ለሰፈሩ አይነግሩም?»

«ልጄ፣ ‹ለማያውቁሽ ታጠኚ› ነው የሚባለው። እኔን የሚበሉልኝ ያውቁኛል። ይልቅ አንቺ እራት በልተሻል?»

ምጣዲት በላች። ከፍርፍር ሌላ ከቀመሰች ብዙ ጊዜ ስለሆናት ቀስ ብላ በላች። በማግስቱ ያየችውን ለእናቷ ነገረች፤ እናቷ ለጎረቤት ነገረች። አንዳንዶቹ አላመኑም። አንዳንዶቹ ጎመን ዘር ይዘው፣ ሲመሽ፣ በኋላ በር መጡ። እማማ ጥቁሬ ከልክለው አያውቁም። «ጎመን ዘሩን አስቀምጪውና መጀመሪያ ጋዪ» ይላሉ። የመጀመሪያው እንጀራ ለማሟሻ ነው፤ ይለጠፋል፤ ይጣላል። ሁለተኛውም ይቀደዳል። በሁለተኛው ላይ አልቅሰው ወደ አያ ሽቦ የተመለሱ ነበሩ። እትዬ ሸክላ ግን አልተመለሰችም። በጥቅምት ገብታ ለፋሲካ እንጀራዋ ተነሣ።

አያ ሽቦ የደንበኛውን መቀነስ አየ። አልተቆጣም። በበሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አስፍቆ አዲስ አስጻፈ፦ «የዕድሜ ክብር፦ ንጹሕ ጥላሸት በጠርሙስ»። ትናንትና የተፈገፈጉት ዛሬ ለመጥቆር ተሰለፉ። ሦስት ወር ያልሞላቸውም ከፊት ነበሩ። ጥላሸቱ አማረባቸው። ሊጡ ግን ተለጠፈ። «ጤፉ ነው» አላቸው።

እማማ ጥቁሬ ዛሬም ማክሰኞና ዓርብ ይጋግራሉ። ለመሟሸት የምትመጣ ጎመን ዘሯን ይዛ ትምጣ፤ ክፍያ የለም። እሳቱን ግን ራሷ ትሞቀዋለች።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በዳቦ አብሱ። በእንጀራ እንዳልል የእማማ ጥቁሬ ወረፋ ረጅም ነው፤ ከፊት የቆመውም አያ ሽቦ ነው።