ጎንበስ ብሎ ስለ መክበር፦ በጌም እርሻና በጌዴኦ ጓሮ ላይ የተደረገ የንጽጽር ጥናት

መግቢያ

ገበሬ የመጀመሪያዋን ገንዘብ ከየት ያገኛል የሚለው ጥያቄ ሊቃውንትን ሲያከራክር የኖረ ነው። አንዳንዱ ከብድር ይላል፤ ሌላው ከውርስ ይላል፤ ገበሬው ራሱ ገና እየፈለገ ነው። ስታርዲው ቫሊ የተባለው የእርሻ ጌም ግን ቁርጥ ያለ መልስ አለው፦ ከመንገድ ዳር ይለቀማል። ኤሪክ ባሮን የተባለ አሜሪካዊ ለአራት ዓመት ተኩል ያህል ብቻውን ሲሠራው ቆይቶ የካቲት 2008 ዓ.ም. ለገበያ አወጣው፤ እስካሁን ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። ዲላም ውስጥ ላፕቶፑ ላይ ጭኖ የሚያርስ ተማሪ አይጠፋም። አባቱ ቡና ሲኮተኩቱ ውለው ማታ ቢደውሉና ስልክ ባያነሳ ሊቀየሙት አይገባም፤ እሱም ማሳ ላይ ነው።

የዚህ ጥናት ዓላማ ከመንገድ ዳር ለቅሞ የመክበሩ ዘዴ በጌዴኦ ምድር፣ ከዲላ ከተማ እስከ ገደብ ከተማ፣ ይሠራ እንደሆነ መመርመር ነው።

የጥናቱ ዘዴ

የጌሙ ቀን የሚመዘገበው ገበሬው ሲተኛ ብቻ ነው። በመሆኑም እኩለ ቀን ላይ መብራት ከሄደ የተለቀመው ሁሉ ወደበቀለበት ይመለሳል፤ ገበሬውም ማልዶ እንደ አዲስ ይነሣል። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ይዞ ጥናት ማካሄድ ያለውን ፈተና አንባቢ ይረዳል።

ግኝት አንድ፦ አለመዝራት ያዋጣል

ተጫዋቹ ኑሮ ሲጀምር 500 ወርቅና 15 የፓርስኒፕ ዘር ይሰጠዋል። ፓርስኒፕ የካሮት ነጭ ዘመድ ነው። ዘሩ ከሱቅ በ20 ወርቅ ይገዛል፤ አራት ቀን ውኃ ጠጥቶ በ35 ይሸጣል። ትርፉ 15 ነው። በዚያው ሰሞን ማንም ሳይዘራው መንገድ ዳር የበቀለ ባሮ ሽንኩርት ግን 60 ያወጣል። ዳንዴሊየን የሚሉት አረም እንኳ 40 ይሸጣል። ውኃ ማጠጣት በእያንዳንዱ መደብ ከ270 የቀን ጉልበት ላይ 2 ሲቀንስ፣ መልቀም ምንም አይቀንስም። አራት ቀን የደከመው 15፣ አንዴ ጎንበስ ያለው 60! የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ይህን ክፍል ለገበሬው ጮክ ብለው እንዳያነቡለት እናሳስባለን።

ግኝት ሁለት፦ ሣጥኑ

ተጫዋቹ የለቀመውን ደጃፉ ላይ ባለ ሣጥን ውስጥ ይከታል፤ ይተኛል፤ ሲነጋ ገንዘቡ ገብቷል። ሚዛን የለም። ደላላ የለም። «ነገ ብቅ በል» የሚል የለም። የባሮ ሽንኩርት ዋጋ ዛሬም 60 ነው፤ መቶ ቢከቱም 60 ነው። ጭራቅና ጠንቋይ ካለበት ከዚህ ጌም ውስጥ የቡና አገር ሰው ፈጽሞ የማያምነው ነገር ይህ ሣጥን ነው።

ለንጽጽር ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ለመሸጥ የመጣ ልጅን እንውሰድ። ቡናውን የሚገዛው ሰብሳቢ ከፌስታሉ አንድ እፍኝ ያነሣል፤ ወደ ጆሮው አስጠግቶ ያንቀጫቅላል። በደንብ የደረቀ ፍሬ ውስጡ ይንኳኳል።

«ጋሼ፣ ደርቋል እኮ!»

«ገና ነው የኔ ልጅ። ድምፅ የለውም።»

ልጁም የራሱን እፍኝ ከጆሮው አስጠግቶ ያንቀጫቅላል፤ እሱ ይሰማዋል። ተመሳሳይ ፍሬ ለሻጭ እየጮኸ ለገዢ ዝም የሚልበት ምክንያት ለፊዚክስ ምሁራን ክፍት የተተወ ጥያቄ ነው።

ግኝት ሦስት፦ ቡና

በጌሙ ቡና በ10 ቀን ያፈራል፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ቀኑ ይለቀማል። በእውነተኛው ዓለም ከችግኝ እስከ መጀመሪያው ፍሬ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል፤ አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘትም ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ያስፈልጋል። በጌሙ አምስት ፍሬ ቡና ከጠላ በርሜል ገብቶ ሲጠመቅ አንድ ስኒ ይወጣዋል። ይህን አፈላል ለዲላ እናቶች የሚያስረዳ ደፋር ስላልተገኘ ጉዳዩ ከትንተናው ውጭ ሆኗል።

እንሰት በጌሙ ውስጥ የለም። ቢኖር ኖሮ የጌሙ ዓመት 112 ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ለመድረስ አምስት ዓመት የሚቆይ እንሰት በዚያ አቆጣጠር ከ16 ዓመት በላይ ይወስድ ነበር። ቆጮ ለመብላት የሚጓጓ ተጫዋች በዚያ መሐል አግብቶ ይወልዳል፤ ልጆቹ ግን አያድጉለትም።

ውይይት

ታዲያ የጌሙ ገበሬ የሚለቅመው የማንን ነው? ጥናቱ ይህን ጥያቄ ሲያነሣ ጌሙ ዝም አለ። አገሩ ጥቂት ሰው የሚኖርበት ነው፤ ዱሩ ባለቤት የለውም፤ ጧት የተለቀመው ቦታ ሌላ ቀን ሌላ ነገር ያበቅላል። ጎረቤት የሚቆጣው የቆሻሻ መጣያውን ሲበረብሩበት ካየ ብቻ ነው።

ጌዴኦ ግን በኢትዮጵያ ገጠር ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። መስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ለመንገደኛ ዓይን ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ይመስላል። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከዛፎቹ ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና። ዱር የመሰለው ሁሉ ጓሮ ነው፤ ብርብራውም ቢሆን ለጥላው ሲባል የተተወ እንጂ ባለቤት አጥቶ የቆመ አይደለም። የጌሙ ተጫዋች ወናጎ ላይ ቢወርድ፣ «መንገድ ዳር የበቀለ» ብሎ ጎንበስ ባለበት ቅጽበት አያቱ ማን እንደሆኑ ይጠየቃል።

ይህ ማለት ግን ሳይዘሩ መልቀም የለም ማለት አይደለም፤ ቃርሚያ አለ። ባለቤቱ ለቅሞ ሲጨርስ ቅጠል ውስጥ የቀረችውን ፍሬ የደሀ ልጅ እንዲለቅማት ይተዋል። ባለቤቱም ሳይጠቀም አይቀርም፤ መሬት ላይ የቀረ ፍሬ የቡና ፍሬ ቦርቧሪ ነፍሳት መደበቂያ ስለሆነ ቃራሚው ማሳውን ያጸዳለታል። ልጁ ደብተር ይገዛል፤ ነፍሳቱ ቤት ያጣሉ። በጌሙ የመጀመሪያዋን ገንዘብ የሚሰጠው ዱር ነው፤ እዚህ ግን የሚሰጠው ጎረቤት ነው። ከጎረቤት ጋር የተጣላ ልጅ ወገቡ እስኪሰበር ጎንበስ ቢል አንዲት ፍሬ አያነሣም።

ምክረ ሐሳብ

ለጌሙ ሠሪ፦ በሚቀጥለው እትም ጆሮው የሚከብደው አንድ ሰብሳቢ ቢጨመር ጨዋታው ተገቢውን የችግር ደረጃ ያገኛል።

ለሚመለከታቸው አካላት፦ ሣጥኑ ይጠና።

ለተጫዋቹ፦ ለእረፍት ወደ ጌዴኦ ስትገባ ጫካ የመሰለህ ቦታ ሁሉ የሰው ቤት ነው። ከመጎንበስህ በፊት «ቤቶች!» በል።