አራት ጌታ ያለው ስልክ

ስልክ ሲደወል የሚጮኽ፣ ሲነሳ የሚያናግር፣ ሲዘጋ ዝም የሚል ዕቃ ነበር። ሌላ ሙያ አልነበረውም፤ ማንም አልጠየቀውም። ዛሬ ሰሜን ቨርጂኒያ ባለችው የእንጀራና የቅመማ ቅመም ሱቄ ያለው ስልክ ግን እንዲጮኽ መጀመሪያ ከሥሩ የተቀመጠችው ሳጥን ደስ ሊላት ይገባል። መብራቶቿ ሁሉ አረንጓዴ ከሆኑ ገበያ አለ። አንዷ ቀይ ካበራች ወይም ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረች፣ ደንበኛው እየደወለ፣ እኔ ከስልኩ አጠገብ ቆሜ በርበሬ እየመዘንኩ፣ ሳንገናኝ ቀኑ ይመሻል። እሱ «ሱቁን ዘግተውታል መሰለኝ» ብሎ ማዶ ወዳለው ሀበሻ ሱቅ ይሄዳል። እኔም «ዛሬ ምነው ጭር አለ?» እላለሁ።

የድሮው መስመር እንዲህ አልነበረም። የመዳብ ሽቦው ድምፅ ብቻ ሳይሆን የራሱን ኮረንቲ ይዞ ነበር የሚመጣው፤ ከስልክ ቤቱ የሚነሳ 48 ቮልት። ስለዚህ ሰፈሩን ጨለማ ቢውጠው ስልኩ ግድ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2012 ማታ ዴሬቾ የሚሉት ማዕበል ዋሽንግተንንና አካባቢዋን ሲመታ ብዙ ሰፈር ለቀናት መብራት አጥቶ ነበር። የእኔ ፍሪጅ ሞተ፣ ሥጋው ተበላሸ፣ ስልኩ ግን በጨለማው ውስጥ ቱ... ይል ነበር። እርግጥ ነው፣ ያን ሌሊት በስልክ ቤቶቹ ውስጥ አንዳንዱ ጄኔሬተር አልነሳ ብሎ በፌርፋክስ ካውንቲ የአደጋ ጥሪው 911 ራሱ ተቋርጧል፤ መዳብን ጻድቅ ነው አልልም። ቢሆንም ይቺ ሳጥን መብራት ሲጠፋ ከፍሪጁም ቀድማ ነው የምትሞተው።

«ታዲያ ምን አስቀየረህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ቢሉ ነዋ! ኩባንያው ዋጋ እየጨመረ፣ ከዋናው ሒሳብ በታች ደግሞ ይህ ክፍያ፣ ያ ቀረጥ፣ የእንትን ፈንድ መዋጮ እያለ ሲደረድር፣ ለአንድ ስልክ የምከፍለው ለፍሪጁ መብራት ከምከፍለው ጋር ተፎካከረ። ይህን ጊዜ የእህቴ ልጅ መጣ። በቤተሰባችን ያለ የኮምፒውተር ጣጣ ሁሉ የሱ ነው። «ጋሼ፣ በመዳብ ሽቦ የሚያወሩ እርስዎ ብቻ ቀሩ እኮ» አለና መዳፍ የማትሞላ ጥቁር ሳጥን ከኪሱ አወጣ። በአንድ በኩል ቀጭኗ የስልክ ገመድ ትገባለች፤ በሌላ በኩል ወፍራሙ የኢንተርኔት ገመድ። «በቃ?» አልኩት። «በቃ» አለኝ። እሱ ቡናውን ጠጥቶ ሄደ፤ ሳጥኗ ከእኔ ጋር ቀረች።

ሐቁን አልደብቅም፤ ቢሉ ወርዷል፣ ያውም በጣም። ነገሩም አዲስ ፈጠራ አይደለም። ቮካልቴክ የሚባል የእስራኤል ኩባንያ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚያነጋግር ፕሮግራም ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በዚያ ዓመት የተወለዱ ልጆች አግብተው ወልደዋል፤ ይኼኛው ግን እስከ ዛሬ «ሄሎ፣ ይሰማል?» ላይ ነው ያለው።

እንዳስረዱኝ ከሆነ ሳጥኗ ድምፄን እንዳለ አትልከውም፤ ትከትፈዋለች። አንዱን ሰከንድ 50 ቦታ ትቆራርጥና እያንዳንዷን ቁራጭ አድራሻ ጽፋባት ወደ ኢንተርኔቱ ትለቃታለች። ማዶ ሲደርሱ ይገጣጠማሉ። የዘገየችውን የሚጠብቃት፣ የጠፋችውን የሚፈልጋት የለም። «ለዚህ ሁሉ በየአቅጣጫው በሰከንድ 100 ኪሎቢት እንኳ አትፈጅም፤ የእርስዎ ኢንተርኔት ደግሞ ሰፊ ነው» ይለኛል ልጁ። ሰፊ ነው፤ የሱቁ ካሜራዎች ምስላቸውን ወደ ላይ መላክ ሲጀምሩ ግን የእኔ ድምፅ ከኋላቸው ወረፋ ይይዛል።

ባለሙያዎቹ ድምፅ ከአፍ እስከ ጆሮ ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ ባይዘገይ ይመረጣል ይላሉ። ይህን ልክ ያወጡት ሰዎች በአማርኛ ሰላምታ ተለዋውጠው አያውቁም። ፈረንጅ «ሃይ» ብሎ ወደ ጉዳዩ ይገባል፤ ቢዘገይበትም አንዴ ነው። እኛ «እንደምን አደሩ፣ ደኅና ነዎት ወይ፣ ልጆቹስ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እየተባባልን ስንቀባበል እኩል እንጀምራለን፣ እኩል እናቆማለን፣ እኩል «ይቅርታ፣ እርስዎ ይቅደሙ» እንላለን፣ እኩል «ኧረ እርስዎ» እንላለን። አንድ የደብረ ብርሃን ሰው ደንበኛ አለኝ፤ ከሰላምታው አልፈን ወደ በርበሬው የደረስንበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ከሁሉ የባሰው የተዝካሩ ነው። አንዲት እናት ለባለቤታቸው ተዝካር እንጀራ ሊያዝዙ ደወሉ። «መቶ ሃምሳ እንጀራ» ብለዋል፤ እኔ ጆሮ የደረሰው «ሃምሳ እንጀራ» ነው። «ሃምሳ ነው ያሉኝ?» ብዬ ደግሜ ጠየቅሁ። የእኔም ጥያቄ ስትሄድ ምኗ እንደተቆረጠ እንጃ፣ «አዎ፣ አዎ፣ ለቅዳሜ» አሉኝ። ቅዳሜ ቄሱ፣ ዲያቆኑ፣ ዘመድ አዝማዱ ተሰብስቦ ሃምሳ እንጀራ! ጓዳ የነበረውን፣ ከጎረቤት ሱቆች የለመንኩትን ጭኜ ራሴ እየነዳሁ አደረስኩ። ሴትዮዋ ክፉ አልተናገሩኝም፤ ዝም ብለው አዩኝ፤ እሱ ይብሳል። ሰኞ ለኩባንያው ደወልኩ። መስመሬን መረመሩና «የሚጠፋው ከመቶ አንድ እንኳ አይሆንም፤ በጣም ጥሩ ነው» አሉኝ። እኔ የጠፋችብኝ መቶዋ ራሷ ናት!

«ለኩባንያው ደወልኩ» ስል ደግሞ ለየትኛው? ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የድሮው ስልክ ጌታው አንድ ነበር። ሽቦውም የሱ፣ ድምፁም የሱ፣ ብልሽቱም የሱ። «ስልኬ እምቢ አለ» ስል ሰውየው መሰላሉን ተሸክሞ ይመጣል፤ ምሰሶው ላይ ይወጣል፤ ሽሮ ቀምሶ ይሄዳል። የዛሬው ስልኬ አራት ጌቶች አሉት። የጥሪውን አገልግሎት የሚሸጠው አንድ፣ ኢንተርኔቱን የሚያስገባው ሁለት፣ ሳጥኗን የሠራው ሦስት፣ ራውተሩን የገጠመው የእህቴ ልጅ አራት። ሲበላሽ አራቱም ንጹሓን ናቸው። የስልኩ «ችግሩ ኢንተርኔትዎ ነው» ይላል። የኢንተርኔቱ «እኛ ጋ ሁሉም ሰላም ነው፤ ሳጥኗ ትሆናለች» ይላል። የሳጥኗ «ራውተሩን ያሳዩ» ይላል። የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ነቅለው ሰክተውታል?» ይላል።

ነቅሎ መሰካት! ሞደሙን ይንቀሉ፣ 30 ሰከንድ ይጠብቁ፣ ይሰኩ፤ ቀጥሎ ራውተሩን፤ ቀጥሎ ሳጥኗን፤ ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባ። ሠራተኛዋ ከፊቷ የተጻፈላትን ነው የምታነበው። «እመቤቴ፣ አሁን ነቅዬ ሰክቼ ነው የደወልኩት» ብላት «በጣም አመሰግናለሁ፤ እስቲ አሁን ይንቀሉልኝ» ትላለች። የምናወራበትን ራሱን ስልክ! ስነቅለው እሷም ትጠፋለች፤ ስሰካው ከወረፋው ጭራ እጀምራለሁ። የማስጠበቂያ ሙዚቃቸውን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ሰው ባይታዘበኝ እጨፍርበት ነበር።

አንድ ሰሞን ደግሞ እኔ ስናገር ሰው ይሰማኛል፤ ሰው ሲናገር እኔ አልሰማም። ባለቤቴ «ይኸማ ድሮም ያለብህ ነው፣ በስልኩ አታሳብ» አለች። በመጨረሻ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ አንድ ትዕግሥተኛ ልጅ ጥፋቱን አገኘው። ራውተሩ ውስጥ ኤስአይፒ ኤኤልጂ የሚባል ነገር አለ፤ የተፈጠረው የስልክ ጥሪ በራውተሩ በኩል እንዲያልፍ ሊረዳ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የቁራጮቹን አድራሻ እያበላሸ መንገድ ላይ ያስቀራቸዋል። መድኃኒቱ እሱን ማጥፋት ነው። አጠፋነው፤ ጆሮዬ ተከፈተ። ረዳቱ ሲባረር ሥራው የተቃናበት ቤት የእኔን አየሁ።

እኔ ብቻ ብሆን ዕድሌ ነው እል ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባለሱቆች ስንገናኝ ወሬያችን ይኸው ሆኗል። ታክስ የሚሠራው ወዳጄ ፋክሱን ከሳጥን ጋር ካገናኘ ወዲህ ሰነዱ ግማሽ ገጽ ላይ ይቆምበታል። ፋክስና ፋክስ የሚነጋገሩት በፉጨት ነው፤ ሳጥኗ ለሰው ድምፅ የተበጀች ስለሆነች ፉጨቱን ታዛባዋለች፤ ጥቂት ቁራጮች ከጠፉ ማዶ ያለው ፋክስ ተስፋ ቆርጦ ይዘጋል። ለዚህ ቲ.38 የሚባል ሥርዓት ወጥቶለታል፤ ከዳር እስከ ዳር ያሉት ሁሉ ካልተቀበሉት ግን ዋጋ የለውም። ኤፕሪል 15 ሲቃረብ ያን ሰው ማናገር አይቻልም። መጠጥ መሸጫ ያለው ደግሞ የሌባ ማንቂያው በድሮው መስመር ነበር የሚደውለው፤ መስመሩን ሲያስቆርጥ ማንቂያው ማንን እንደሚጠራ ጠፍቶት ከረመ። ደስተኛው ጸጉር አስተካካዩ ብቻ ነው። እሱ ዘንድ ማንም አይደውልም፤ ሁሉም ዝም ብሎ ይመጣል።

የ911 ነገር ግን ቀልድ አይደለም። የድሮው ስልክ ከግድግዳው ጋር የተቆራኘ ስለነበር የት እንዳለ ይታወቃል። ሳጥኗ ግን ሻንጣ ውስጥ ገብታ ቴክሳስ ብትሄድ እዚያም የቨርጂኒያዋ 703 ነኝ ትላለች። ለዚህ ነው የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽንስ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2005 የኢንተርኔት ስልክ አቅራቢዎች 911ን እንዲያገናኙ፣ የደንበኛውንም አድራሻ እንዲይዙ፣ አገልግሎቱ መቼ ላይሠራ እንደሚችል በተለጣፊ እንዲያስጠነቅቁ ያስገደዳቸው። ተለጣፊዋ ከሳጥኗ ጋር መጥታልኛለች። መብራት ከጠፋ 911 ላይሠራ ይችላል ትላለች። እሳት መብራት መኖሩን አይቶ ነው እንዴ የሚነሳው? ሱቁን ከአንዱ ፕላዛ ወደ ሌላው ሳዛውር አድራሻውን ያስቀየርኩት እኔው ነኝ፤ ከአራቱ ጌቶች የጠየቀኝ የለም። ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ ምጣዱ ቤት እሳት ቢነሳ የእሳት አደጋ መኪናው ዛሬ ፍራሽ ወደሚሸጥበት ቤት ሄዶ ፍራሽ ሲያጠጣ ይውል ነበር።

አገር ቤት ይህ የኢንተርኔት ስልክ ወንጀል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ማሻሻያ አዋጅ በኢንተርኔት ድምፅና ፋክስ ማስተላለፍን ከልክሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ሲመጣ ደግሞ «በስካይፕ ያወራ ሊታሰር ነው» ተብሎ ዓለም ተንጫጫ፤ መንግሥትም ሲያስተባብል ከረመ። ያን ጊዜ እኔም ከተቆጡት ጋር ተቆጥቻለሁ። አሁን ግን አንዳንድ ማታ ያን ሙዚቃ እየሰማሁ ስጠብቅ፣ አዋጁን ያረቀቀው ሰው የታየው ነገር ነበር እንዴ እላለሁ። አገር ቤት ልደውል ብልም፣ ያልተገደበ የውጭ አገር ጥሪ ተብሎ በተሸጠልኝ ጥቅል ውስጥ የአገሮቹ ዝርዝር ረጅም ነው። በፊደል ተራ እየወረድኩ ኤስቶኒያ ደረስኩ፤ ተስፋ አደረግሁ፤ ቀጥሎ ያለው ፊንላንድ ነው።

ሳጥኗን ትቼ ወደ መዳቡ ለመመለስ ሞክሬያለሁ። ቁጥሬን ግን ጥዬ መሄድ አልችልም፤ በየዓመቱ ለደንበኛ በማድለው ካላንደር ላይ ታትሞ፣ ከመድኃኔ ዓለም ሥዕል ግርጌ፣ በየሰው ኩሽና ተሰቅሏል። ቁጥርን ይዞ መሄድ እዚህ መብት ነው፤ ቀላል ዝውውር በአንድ የሥራ ቀን ይለቅ የሚል ደንብም አለ። ነገር ግን በሁለቱ ኩባንያዎች መዝገብ ያለው ስም ካልገጠመ ማመልከቻው ይመለሳል። አባቴ ካሳ ነው። አንዱ ኩባንያ በአንድ ኤስ ጽፎታል፤ ሌላው በሁለት። ይህ ሲታረም ደግሞ ሠራተኛዋ «ካሳ የመጀመሪያ ስምዎ ነው የቤተሰብ?» አለችኝ። የማን ልጅ የማን የልጅ ልጅ እንደሆንኩ እስከ ቅድመ አያቴ ቆጠርኩላት፤ «ሆልድ ላይ ላስቀምጥዎ» አለች። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ዕድሜውን ሙሉ ስልክ ሳይኖረው ኖሮ፣ ከሞተ በኋላ በስሙ ስልክ ተከለከልኩ። ተስተካክሎ ሲያልቅ የመዳቡ ኩባንያ «በዚያ ሕንፃ አዲስ የመዳብ መስመር አናስገባም» ብሎ ዘጋው።

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን ሌላ ሳጥን ይዞ መጥቷል። ይቺኛዋ ሲም ካርድና ባትሪ አላት፤ የሱቁን ኢንተርኔት አትፈልግም፣ በሞባይል ማማ ነው የምትሠራው። «ከአራቱ ጌቶች ሁለቱን ቀነስኩልዎ» ይላል። ከተቀነሱት አንዱ እሱ ራሱ እንደሆነ አልጠፋኝም። «እሺ» አልኩት፣ «ይቺ ስትበላሽ የምደውለው በምንድን ነው?»

«በሞባይልዎ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ሞባይሉስ በዚያው ማማ አይደል የሚሠራው? ማማው ቢበላሽስ?»

ትንሽ አሰበና «ያኔ... ነቅለው ይሰኩታል» አለኝ።